ያልሠራሁትን «አይ ሃቭ» አልልም

የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ትምህርት ቤት ውስጥ ሃምሳ አራት ተማሪ በዓይኗ ብቻ ቀጥ የምታደርግ ሴት ናት። ገና በሩ ላይ ስትደርስ የሚያወራው ዝም ይላል፣ የቆመው ይቀመጣል፣ የቤት ሥራ ያልሠራው ሆዱን ያመዋል። ቤቷ ስትገባ ግን አንድ ተማሪ ይጠብቃታል፤ እሱን መቆጣት አትችልም። ተማሪው የባሏ አባት ናቸው። ልጅ ቢያስቸግር ጥግ ሄደህ ቁም ይባላል። አማት ምን ይባላል?

አማቷ የሊፍት መካኒክ ናቸው። ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ያሉትን ሦስት ሊፍቶች ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጠግኑ ኖረዋል። ሊፍቶቹ ሲታመሙ በድምፃቸው ያውቋቸዋል። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ልጃቸው የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። እናም ቤቱ ውስጥ ከሰኞ እስከ እሑድ የሚተያዩት አማትና ምራት ናቸው።

ነገሩን ያመጣው የድርጅቱ አዲስ ደንብ ነው። ከእንግዲህ ማንኛውም መካኒክ የጥገና ቅጹን በእንግሊዝኛ ይሞላል፤ በስድስት ሳምንት ውስጥም የቃል ፈተና ይፈተናል፤ የወደቀ ወደ ጥበቃ ክፍል ይዛወራል። አማቷ ይህን የሰሙ ቀን እራታቸውን አልበሉም። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ሳወጣና ሳወርድ ኖሬ፣ አሁን በር ላይ ቆሜ የሰው ቦርሳ ልበረብር?» አሉ። አስተማሪዋም «እኔ እያለሁ ለምን ያስባሉ አባባ፣ እኔ አስጠናዎታለሁ» አለች። «ምነው አፌን በቆረጠው» የምትልበት ቀን እንደሚመጣ አላወቀችም።

ጅማሬው ግን ማር ነበር። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ላስቲክ በለበሰው የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አማቷ እጃቸውን ታጥበው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ደብተራቸውን በማስመሪያ አስምረው ይጠብቋታል። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን»ን በሁለት ቀን ጨረሱ። ግሦቹን ልክ እንደ ብሎን በየመጠናቸው ለይተው ነው የያዟቸው። አስተማሪዋ ለባሏ ደውላ «አባትህ ከተማሪዎቼ ሁሉ ይበልጣሉ» ብላ ነበር። ባሏ ሳቀ። «ቆይ ገና ነሽ» አላት።

በሁለተኛው ሳምንት ፕረዘንት ፐርፌክት ላይ ደረሱ። አስተማሪዋ ይህን ትምህርት አሥራ ሁለት ዓመት አስተምራዋለች፤ ልጆች እዚህ ሲደርሱ እንደሚያዛጉም ታውቃለች። ስለዚህ ከቤት ጀመረች።

«አባባ፣ ይሄ ነገር እኛም ጋ አለ። "በላሁ" እና "በልቻለሁ" አንድ ናቸው?»

«አይደሉም።»

«በምን ይለያያሉ?»

አማቷ እርሳሳቸውን አስቀምጠው አሰቡ። «"በላሁ" የሚል ሰው ያለፈ ወሬ ነው የሚያወራሽ። "በልቻለሁ" የሚልሽ ግን አሁን አታቅርቢልኝ እያለሽ ነው።»

አስተማሪዋን እንዲህ ጥርት አድርጎ ያስረዳት መጽሐፍም ሰውም የለም። ሥራው ያለፈ፣ ውጤቱ ግን አሁንም እዚህ ያለ፤ ይኸው ነው ፕረዘንት ፐርፌክት ማለት። በማግስቱም ክፍል ገብታ ይህንኑ ቃል በቃል አስተማረች፤ ከማን እንደሰማችው ግን አልተናገረችም።

ከዚያ ጣጣው መጣ። አማቷ «አይ ሃቭ ሪፔርድ ዘ ሊፍት የስተርዴይ» አሉ። ትናንት ሊፍቱን ጠግኛለሁ ማለታቸው ነው።

«የስተርዴይ እዚህ አይገባም አባባ።»

«ለምን? "ትናንት ጠግኛለሁ" እንል የለም እንዴ?»

«እኛ እንላለን። እነሱ አይሉም። ትናንት ካሉ "ጠገንኩ" ነው የሚሉት።»

«ትናንት ጠግኜው ዛሬ እየሠራ፣ ትናንትን የት ልጣለው?»

«የትም አይጣሉት። ዝም ብለው ይተዉት።»

አማቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሁን፤ ቋንቋው የነሱ ነው» አሉና የስተርዴይን በንጽሕና ሰረዙ። አስተማሪዋ ትልቁ ክርክር ይህ መስሏት እፎይ አለች።

በማግስቱ መልመጃውን አወጣች። «በሉ አባባ፣ ቁልፌ ጠፍቶብኛል ይበሉኝ። አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪ።»

አማቷ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ቁልፉን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ይኸው አለ።»

«እንዳለማ አውቃለሁ። ለምሳሌ ነው።»

«ለምሳሌ ተብሎ ለምን ይጠፋል?»

አስተማሪዋ በሆዷ «ተማሪዬ ቢሆኑ ኖሮ» አለች። ወደ ሁለተኛው አለፈች፤ ሁለተኛው «እግሬ ተሰብሯል» የሚል ነበር። አማቷ መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት። «ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩሽ?» አሏት። ሦስተኛውን አላነበበችውም፤ «ሳህኑን አጥቤአለሁ» የሚል ነበር፤ ሳህኑ ደግሞ ማጠቢያው ውስጥ ተከምሮ ሁለቱንም ያያቸዋል።

«እሺ» አለች ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ «ከራስዎ ሥራ እንጀምር። ዛሬ ሁለተኛውን ሊፍት ሲጠግኑ አልዋሉም? አይ ሃቭ ሪፔርድ ዘ ሊፍት ይበሉ።»

«ስጠግን ዋልኩ። ግን ገና አልተሳፈርኩበትም።»

እዚህ ላይ ነው አስተማሪዋ የአማቷን የሙያ ደንብ የተማረችው። አማቷን ሥራ ያስተማሯቸው አሮጌ መካኒክ አንድ ሕግ ነበራቸው። ሊፍት ተሠራ የሚባለው የሠራው ሰው ራሱ፣ ብቻውን፣ ከምድር እስከ ጣሪያ ሦስት ጊዜ ወጥቶ ሲወርድበት ነው። ከዚያ በፊት «ሠርቻለሁ» ያለ መካኒክ ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤቱ ይሂድ ይሉ ነበር። አማቷም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተሳፈሩበትን ሊፍት «ሠርቻለሁ» ብለው አያውቁም። አሁን በስተርጅና፣ ያውም በሰው ቋንቋ፣ ሊጀምሩ አልፈለጉም።

«እኔ እኮ ሊፍቱ ይሠራ አይሥራ አልጠየቅኩዎትም» አለች። «ዓረፍተ ነገሩን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«አንቺ ራስሽ ምን አልሽኝ? ውጤቱ አሁን ከሌለ አይባልም አላልሽም?»

ብላለች። ያናደዳትም ይኸው ነው። ደደብ ቢሆኑ በታገሠች። ትምህርቱን ከእሷ በላይ ገብቷቸው ነው አላስቀምጥ ያሏት።

ያን ቀን ለባሏ ደወለች። «አባትህን አንድ በላቸው፣ ፈተናው አራት ሳምንት ነው የቀረው» አለችው። ባሏ መኪናውን ዳር አቁሞ ሰማትና «ከአባዬ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አላየሁም» አላት። «እናቴም የተገላገለችው ሞታ ነው።»

መፍትሔው የመጣው ከቁም ሳጥን ነው። አንድ ቀን ሻይ ልታፈላ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን ስትከፍት ማጠፊያው እንደ ወትሮው ጮኸ። አማቷ ተነሡ፣ ቦርሳቸውን አመጡ፣ ብሎኑን አጠበቁ፣ ዘይት ጠብ አደረጉ። ሦስት ጊዜ ከፈቱ፣ ሦስት ጊዜ ዘጉ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «አይ ሃቭ ፊክስድ ዘ ዶር» አሉ፤ በሩን ጠግኛለሁ ማለታቸው ነው። ሳይንተባተቡ፣ ሳይሳሳቱ፣ እንደ አገሩ ሰው። አስተማሪዋ የሻዩን ማንኪያ ለቀቀችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ መጠገን ጀመረ። አማቷ የሚናገሩት እውነት ያስፈልጋቸዋል፤ እውነት ደግሞ መሠራት አለበት። የመታጠቢያውን ቧንቧ ጠገኑና ተናገሩት። አልዘጋ ብሎ ሁለት ዓመት የከረመውን መስኮት፣ የሚወዛወዘውን ወንበር፣ የኮሪደሩን መብራት፣ አልፈው ተርፈው የጎረቤቷን የበር ደወል ጠግነው ተናገሩት። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ደብተራቸው ላይ በተራ ጻፉት። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ቤት ውስጥ የተበላሸ ነገር ጠፋ፤ አማቷም ዝም አሉ። አስተማሪዋ ጭንቅ ሲላት ጊዜ የካውያዋን ብሎን በቢላ ጫፍ አላላችው። አማቷ ካውያውን አገላብጠው አዩት፣ እሷንም አዩዋት። «ዩ ሃቭ ሉዝንድ ዚስ ስክሩ» አሏት። ይህን ብሎን ያላላሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው። ዓረፍተ ነገሩ እንከን አልነበረውም። ፊቷ በእፍረት ቢቀላም ማስተማር አይቀርምና ትክክል የሚል ምልክት አደረገችበት።

ፈተናው አምስት ቀን ሲቀረው ደብተራቸውን ልታርም ስትከፍት ስለ ቧንቧው የተጻፈው ተሰርዞ አገኘችው።

«ይሄን ማን ሰረዘው?»

«እኔ ነኝ። ጠዋት ሳየው እንደገና ያንጠባጥባል።»

«አባባ፣ ዓረፍተ ነገሩ እኮ ትክክል ነው።»

«ቧንቧው ግን ያንጠባጥባል።»

«ፈታኙ ቧንቧዎን አያይም። እንግሊዝኛዎን ነው የሚያየው። ለእንግሊዝኛው ነው እኮ!» አለች፤ ይህችኛዋ ቃል ግን ሳታስበው ከአፏ ጮክ ብላ ነው የወጣችው። አማት ላይ ጮኸች። ድንጋጤዋን ለመሸፈን ወደ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈችና ፎጣውን ነከሰችው። ቧንቧው አጠገቧ ጠብ፣ ጠብ ይላል። እውነታቸውን ነው። እውነታቸውን መሆኑ ደግሞ ይብሱን አንገበገባት፤ ሰውዬው በገዛ እውነታቸው የሰው ቦርሳ ሲበረብሩ ሊኖሩ ነው።

ስትወጣ አማቷ ጠረጴዛውን ጠርገው፣ ሻይ ቀድተው፣ ለእሷም ስኳሩን ጨምረው አማስለውላት ነበር። እሷ ግን ይቅርታ ማለት አቃታትና ሻዩን ጠጣች።

የፈተናው ዕለት ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ አብራቸው ሄደች። ፈተናው አማቷ በሚሠሩበት ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሙቀት ስለሆነ በሩን አልዘጉትም፤ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ሆና ሁሉን ትሰማለች። ከአማቷ በፊት የገቡት ሦስት መካኒኮች ከአንድ ወረቀት ያጠኑትን አነበነቡት። ሦስቱም ሊፍቱን ጠግነዋል፣ ሦስቱም ገመዱን ቀይረዋል፣ ሦስቱም ተሳስተው አያውቁም። ፈታኟ ስታዛጋ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ።

አማቷ ገቡ። ፈታኟ አርፍደህ ታውቃለህ ወይ ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። አስተማሪዋ በሆዷ «ኖ ይበሉ፣ ኖ ይበሉ» አለች።

«የስ፣ አይ ሃቭ» አሉ አማቷ። «ሁለት ጊዜ። ሚስቴ የታመመች ጊዜና የሞተች ጊዜ።»

ፈታኟ ማዛጋቷን ተወች። ስለ ሥራቸው ጠየቀቻቸው። አማቷ ቀስ እያሉ፣ እያንዳንዱን ቃል በእጃቸው የዳሰሱ ይመስል፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ እንደሠሩ፣ ዘጠኝ ገመድ እንደቀየሩ፣ ሊፍት ውስጥ ምጥ የያዛትን ሴት እንዳወጡ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ጥለው እንደማያውቁ ነገሯት። ሁሉም በፕረዘንት ፐርፌክት ነበር፤ ሁሉም ውጤቱ አሁን ድረስ ያለ ነውና። ምጥ ስለያዛት ሴትማ አስተማሪዋም ከዚህ በፊት ሰምታ አታውቅም። ኮሪደሩ ላይ እንባዋ መጣ፤ ተናዳም፣ ኮርታም ነበር፤ የትኛው እንደበለጠ አላወቀችም።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። አማቷ ማንም እንዲያነብላቸው አልፈለጉም፤ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡት። ከተፈታኞች ሁሉ አንደኛ ወጥተዋል። አስተማሪዋ ልታቅፋቸው ስትነሣ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟት።

«ገና አልጨረስኩም» አሉ። ከታች ሌላ አንቀጽ ነበር። እንግሊዝኛቸው ግሩም ስለሆነ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ቢሮ ገብተው ሌሎች መካኒኮች ከእንግዲህ በአማርኛ የሚሞሉትን የጥገና ቅጽ በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ ተመድበዋል። የመሣሪያ ቦርሳቸውን ለዕቃ ክፍል ያስረክቡ።

አማቷ ደብዳቤውን አጥፈው አስቀመጡት። «እያንዳንዱ ቃል ገባኝ» አሉ። «ጎበዝ አስተማሪ ነሽ።»

አስተማሪዋ በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ምስጋና ሰምታ አታውቅም። በበር ጠባቂነት እንዳይቀሩ ስድስት ሳምንት አስጨነቀቻቸው፤ መፍቻቸውን ከእጃቸው ያስጣለችው ግን ራሷ ሆነች። ሰነፍ ብትሆንላቸው ኖሮ፣ ወይም እሳቸው ሰነፍ ቢሆኑላት ኖሮ፣ በጭንቅ አልፈው ከሊፍቶቻቸው ጋር ይቀሩ ነበር። በማን ትናደድ? ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ አንዱን ሰበረችው።

ሰኞ አማቷ ቦርሳቸውን አስረክበው ጠረጴዛ ፊት ተቀመጡ። ከሰባት ሕንፃ የመጡ አርባ ቅጾች ተከምረው ጠበቋቸው። እያንዳንዱ ላይ መካኒኩ በአማርኛ «ታይቷል» ብሎ ፈርሟል። የአማቷ ሥራ ያንን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ብቻ ነው። አማቷ የመጀመሪያውን ቅጽ አነሡና ወደ መካኒኩ ደወሉ። ተሳፍረህበታል ወይ አሉት። አልተሳፈረበትም። ሁለተኛው ጋ ደወሉ። እሱም አልተሳፈረም። ስለዚህ ኮፍያቸውን አደረጉና ቅጾቹን በኪሳቸው ይዘው ወጡ። ሰኞ አንድ ሕንፃ፣ ማክሰኞ አንድ ሕንፃ፣ እየዞሩ ሦስት ሦስት ጊዜ ተሳፈሩ። እስከ ሐሙስ የጻፉት ስድስት ቅጽ ብቻ ነበር፤ ከስድስቱ ሁለቱ ላይ «አልታየም» ብለው ነው የጻፉት።

ዓርብ ጠዋት አስተማሪዋ ክፍል ልትገባ ስትል ስልኳ ጮኸ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ድምፁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነው።

«ቲቸር፣ እባክሽ አማትሽን አንድ በይልኝ። ቅጹ ዛሬ ካልገባ እኔ ነኝ የምጠየቀው። ሊፍቱን ጠግኑ አላልናቸውም፣ ጻፉ ነው ያልናቸው። ለእንግሊዝኛው ብቻ ነው እኮ።»

አስተማሪዋ ግድግዳውን ተደገፈች። ይህን ቃል ታውቀዋለች፤ ከራሷ አፍ ወጥቶ የወጥ ቤቷን ጠረጴዛ ሲዞር ከርሟል። ከሰው አፍ እስክትሰማው ድረስ ግን እንዲህ የሚያስጠላ አልመሰላትም ነበር።

«እኔ ስድስት ሳምንት ሞክሬ አልቻልኳቸውም» አለች። «አሁን ደግሞ ተራው የእርስዎ ነው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ቦርሳቸውን ይመልሱላቸው።»

መለሰላቸው። ሰኞ ዕለት የደረሳቸው አዲስ ደብዳቤ ለጽሕፈት ሥራ እንደማይመቹ ይናገራል። አማቷ ይህንን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ እንደዚያ ፊታቸው ሲፈካ አስተማሪዋ አይታ አታውቅም። ወደ ሦስቱ ሊፍቶቻቸው ተመለሱ። የቀሩትን ሠላሳ አራት ቅጾች ሥራ አስኪያጁ ራሱ ተቀምጦ በአንድ ከሰዓት በኋላ ጻፋቸው፣ ፈረማቸው፣ ሥራውም አለቀ ተባለ።

ከሁለት ወር በኋላ አስተማሪዋ የታረሙ የፈተና ወረቀቶች ልታስረክብ ወደ አንድ የመንግሥት ሕንፃ ሄደች። ስምንተኛ ፎቅ ነበር። ሊፍቱ ተከፈተ፤ ሰዎች ገቡ። ከቁልፎቹ በላይ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ተለጥፏል፤ ይህ ሊፍት ተፈትሿል ይላል በእንግሊዝኛ፤ ከሥሩ የአማቷ ድርጅት ማኅተምና የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለ። ልማድ ሆኖባት አነበበችው። ግሡ ልክ ነው። ፊደሉ ልክ ነው። የስተርዴይ የለበትም። ተማሪዋ ቢጽፈው ኖሮ ከአሥር አሥር ትሰጠው ነበር።

ውስጥ ያለ አንድ ሰውዬ በሩን በእጁ ይዞ «አይገቡም?» አላት።

«አልገባም» አለችና የወረቀቱን ክምር ታቅፋ ወደ ደረጃው ሄደች።